የጎረቤትዎን የአስቤስቶስ ፍርስራሽ አይንኩት፤ ወደ ግቢዎም አያሻግሩት

ጎረቤትዎ አሮጌውን የጣሪያ ክዳን አፍርሰው ስብርባሪውን በጋራ አጥራችሁ ሥር መከመራቸውን፣ ቁሱም አስቤስቶስ (ብናኙን ሲተነፍሱት ካንሰር ሊያመጣ የሚችል የማዕድን ቃጫ) ያለበት ሳይሆን እንደማይቀር መስጋትዎን፣ ልጆችዎም በዚያ በኩል ስለሚጫወቱ «ራሴ ላንሣውና ልገላገል ወይ?» ብለው መጠየቅዎን አንብቤአለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ አያንሡት። ነገሩን በዝርዝር የምጽፍልዎ እኔ ራሴ ስላነሣሁት ነው፤ የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራዬ ሰባት ወር ሙሉ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት አንከራቶኛል።

1. ቁሱ ምን እንደሆነ በዓይን አይፍረዱ። ሞገድ ያለው ግራጫ የሲሚንቶ ክዳን ሁሉ አስቤስቶስ አይደለም፤ በኋላ ዘመን የተሠሩት በአስቤስቶስ ፋንታ ሌላ ቃጫ የገባባቸው ሲሆኑ መልካቸው ግን አንድ ነው። እኔ ያማከርሁት ግንበኛ በጣቱ አንኳኩቶ «ተራ ሲሚንቶ ነው፤ አያስቡ» አለኝ፤ ላቦራቶሪው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ሲመረምረው ነጭ አስቤስቶስ የሚባለው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ጎረቤትዎ «ቤቴ ያን ያህል አሮጌ አይደለም» ቢሉዎትም አይዘናጉ፤ አይስላንድ ገና እ.ኤ.አ. በ1983 አጠቃላይ እገዳ ስታወጣ፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ እገዳው የተሟላው ግን በ2005 ነው፤ ዛሬም ያልከለከሉ አገሮች አሉ። ስለዚህ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ አስቤስቶስ ነው ብለው ይያዙት፤ ናሙናውንም ባለሙያ ይውሰደው እንጂ እርስዎ አይስበሩት።

2. ብናኙን በደረቁ አይጥረጉ፤ በቤት ቫኪዩምም (በአቧራ መሳቢያ ማሽን) አይሳቡት። ቃጫዎቹ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ በመሆናቸው የተለመደው ቫኪዩም ከፊት የሳበውን ከኋላ ወደ አየር መልሶ ይበትነዋል። በኃይል በሚረጭ ውሃ ማጠብም የክዳኑን ገጽ ልጦ ቃጫውን ስለሚያላቅቅ የባሰ ነው። በእርስዎ በኩል ያረፈውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ሳያጥቡ በሁለት ፌስታል አሽገው ያስቀምጡት፤ በዚያ አቅጣጫ ያሉ መስኮቶችን ይዝጉ፤ ልብስም እዚያ አያስጡ።

3. ቦታውን አይለውጡ። እኔን የጎዳኝ ይህ ነው። ጎረቤቴ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው፣ በዕድሜ የገፉ፣ ክፉ ሰው የማልላቸው ናቸው። ሁለት ጊዜ ለመንኋቸው፤ ሁለቴም «ልጄ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መኪና አመጣለሁ» አሉኝ። ሦስተኛ ብጠይቃቸው መቀያየም ይመጣል ብዬ ስለፈራሁ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጓንት አጥልቄ፣ አፍና አፍንጫዬን በጨርቅ ሸፍኜ፣ አጥሩን ተደግፈው የነበሩትን አሥራ አንድ ክዳኖች ከነስብርባሪያቸው ወደ ግቢዬ ጥግ አሻግሬ ሸራ አለበስኋቸው። ለእሳቸው ውለታ የዋልሁ፣ ከልጆቼም አደጋውን ያራቅሁ መስሎኝ ነበር። ሦስቱ ክዳኖች እጄ ላይ ተሰበሩ። ጨርቅ እነዚህን ቃጫዎች እንደማያስቀር፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውም ፊት ላይ በትክክል የሚገጥም፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ኤፍኤፍፒ3 (FFP3) የተባለ ጭምብል እንደሆነ የተረዳሁት በኋላ ነው።

ሰኞ ዕለት ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድሁ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ቁሱ አሁን ያለው በማን ግቢ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «አሁን በእኔ ግቢ ነው፤ ነገር ግን…» ስል አላስጨረሰኝም። «እንግዲያው ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፤ በራስዎ ወጪ ያስወግዱ» ብሎ ወረቀቴን መልሶ ገፋልኝ። አነጋገሩ እስከ ዛሬ ያመኛል፤ ይሁንና አደገኛ ቆሻሻ በይዞታው የተገኘበትን ሰው ተጠያቂ የሚያደርጉ ሕጎች በብዙ አገሮች መኖራቸውን ኋላ ስረዳ፣ ራሴን በገዛ እጄ በዚያ ቦታ እንዳስቀመጥሁ ገባኝ። ከዚያ በኋላ አንዱ መሥሪያ ቤት «ይህ የግንባታ ጉዳይ ነው» ብሎ ወደ ሌላው ይልከኛል፤ ሌላው «ይህ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ነው» ብሎ ይመልሰኛል። አራት ጊዜ ተመላለስሁ፤ በአራቱም የተናገርሁት በቃል ስለነበር መምጣቴን የሚያሳይ አንድም መዝገብ አልነበረም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እዚያ መስኮት ፊት ቆሜ ነው በደንብ የገባኝ። በአምስተኛው ማመልከቻዬን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ፣ አንዱን አስገብቼ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ነገ ይመለሱ» ያለኝ የለም፤ በዚህ እኮራለሁ።

ሆኖም ጉዳዩን የፈታልኝ ማኅተሙ ብቻ አልነበረም። ልጄ አዲሱን ብስክሌቷን ለአክስቷ ልታሳይ በስልኬ ካነሣቻቸው ፎቶዎች በአንዱ ላይ፣ የክዳኖቹ ክምር ከአጥሩ ወዲያ፣ በጋሼ ግቢ ውስጥ፣ ከነፈረሰው ጣሪያቸው ጋር ይታይ ነበር፤ ስልኩም ቀኑን መዝግቦታል። ያንን አትሜ ከማመልከቻው ጋር ካያያዝሁ በኋላ ባለሙያ መጥቶ አየ፤ ጋሼም ፎቶውን ሲያዩ አልካዱም። የማስወገጃውን ወጪ ግን እኩል እንድንካፈል ተወሰነ፤ ምክንያቱም ያሻገርሁትና የሰባበርሁት እኔ ነኝ። ፈቃድ ያላቸው ሠራተኞች መጥተው ክዳኖቹን በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በተቀላቀለ ውሃ አርሰው፣ ሳይሰብሩ በወፍራም ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልለው፣ ምልክት ለጥፈው ወሰዷቸው። ከክዳኖቹ በተጨማሪ ቆመውበት የነበረውን አፈር ጠርበው ስለወሰዱ ወጪው ከፍ አለ። ጋሼ ያንን ጣሪያ ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል በመዶሻ ሲያፈርሱ ሰንብተው ነበር፤ የሠራተኞቹን አለባበስ ቆመው ሲመለከቱ ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሁሉንም የአስቤስቶስ ዓይነቶች ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል። ሕመሙ የሚገለጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ስለሆነ፣ እኔ በድንጋጤ በዚያው ሳምንት የተነሣሁት ራጅ ምንም ሊያሳይ አይችልም ነበር። ሐኪሙ ቀኑን ጽፌ እንዳስቀምጥ፣ ሲጋራም እንዳላጨስ መከረኝ፤ አደጋው ከተነፈሱት መጠንና ከቆይታው ጋር እንደሚጨምር፣ አንድ ቀን መጋለጥም በሽታ ይከተላል ማለት እንዳልሆነ አስረድቶ አረጋጋኝ።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ከመጨለሙ በፊት፣ ከራስዎ ግቢ ሆነው ክምሩን ከነአጥሩ፣ የጎረቤትዎ ቤትም በግልጽ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሡት። ከዚያ ጎረቤትዎን ቀርበው ያነጋግሯቸው፤ እስኪነሣ ድረስ እዚያው ባለበት ቀስ አድርገው እንዲያርሱትና በወፍራም ፕላስቲክ እንዲሸፍኑት ይለምኗቸው፤ የተነጋገራችሁትንም በጨዋ ቃል በመልእክት ይላኩላቸው፤ ቀኑ ይመዘገባል። ቀጥሎ በሁለት ቅጂ ያመልክቱ። በመስኮቱ ቁሱ በማን ግቢ እንዳለ ሲጠይቁዎ፣ እርስዎ እውነቱን ተናግረው «በጎረቤቴ ግቢ ነው» ለማለት የሚችሉ ሰው ነዎት። ሲወገድም ቁሱን የተረከበው ቦታ የሰጠውን ደረሰኝ ኮፒ ከጎረቤትዎ ይጠይቁ፤ የእኔው ከልጄ ፎቶ ጋር መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል።