ዋልካ ግቢ ላይ አርቴፊሻል ሳር ከማስዘርጋትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ 60 ካሬ የሚሆን ግቢ አለሽ። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ሳር ሻጩ ደግሞ "አሸዋ ነስንሰን እንዘረጋዋለን፣ በሁለት ቀን እናስረክብሻለን" ብሎሻል። አሸዋው ይበቃል ወይ፣ የፀጉሩ ቁመት ስንት ሚሊ የሆነ ሳርስ ልግዛ ነው ያልሽው። የግቢ ስራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ፣ አብዛኛውም በአቃቂ፣ በኮዬ ፈጬና በቡልቡላ በኩል ነው። አሸዋ ብቻውን አይበቃም። የሳሩን ነገር ለጊዜው ተይውና ውሃው ወዴት እንደሚወጣ እንነጋገር።

በቅድሚያ አፈርሽን እወቂው። እፍኝ አፈር አርጥበሽ በሁለት መዳፍሽ መሃል አሽከርክሪው። ቀጭንና ረዥም ሆኖ፣ ጠቅልለሽ ቀለበት ስታደርጊው ካልተሰበረ ዋልካ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። የሰኔን ዝናብ በስንጥቁ ይጠጣና አብጦ ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወርደው ውሃ ከዚያ በኋላ መግቢያ የለውም፣ ላዩ ላይ ይቀመጣል።

አንድ ነሐሴ ለእንዲህ ዓይነት ግቢ ተጠርቼ ነበር። ሳሩ ከሩቅ ያምራል። ስትረግጪው ግን ይሰምጣል፣ ከጫማሽ ጎን ውሃ ፊጭ ይላል። ጥጉን ገለጥነው። አረም እንዳይበቅል ተብሎ ከስር ፕላስቲክ ተነጥፏል። ውሃው ፕላስቲኩ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፣ ሽታው አያስጠጋም። ፕላስቲኩ በተቀደደበት በኩል አሸዋው ከጭቃው ጋር ተለውሶ ጠፍቷል። ሳሩ ጥፋት አልነበረበትም። ጀርባው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ውሃውን አሳልፈዋል፣ ከስር ግን መሄጃ አልተሰራለትም። ባለቤቶቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲከፍሉ ማየት በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ስለዚህ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ አስቆፍሪ። ከ60 ካሬ ላይ 20 ሳንቲ ሲነሳ 12 ሜትር ኩብ ነው፣ አፈር ሲቆፈር ስለሚነፋ አንድ ሲኖ ገልባጭ መኪና ሊሞላ ይደርሳል። ከግቢ ይውጣልሽ። ጥግ ላይ እንከምረው ካሉሽ እሺ አትበዪ፣ ዝናብ አጥቦ ጠጠርሽ ውስጥ ይመልሰዋል።

አሁን የምልሽን ብዙ ሰራተኛ ይዘለዋል። ተዳፋቱ ዋልካው ላይ መሰራት አለበት፣ ጠጠሩን ብቻ ማዘንበል አይረዳም። ውሃው ሳሩንም ጠጠሩንም አልፎ ዋልካው ላይ ሲደርስ ወደ ታች መሄዱን ያቆማል። ከዚያ የሚፈሰው የዋልካውን ፊት ተከትሎ ነው። ቁፋሮው እንዳለቀ፣ ጠጠር ሳይገባ፣ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጭ በየሜትሩ ከ1 ተኩል እስከ 2 ሳንቲ ዝቅ ማለቱን በሲባጎና በውሃ ልክ አስለኪ። ስፋቱ 6 ሜትር ከሆነ ከ9 እስከ 12 ሳንቲ ልዩነት መኖር አለበት። መሃል ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ከቀረ ከጠጠሩ ስር ኩሬ ይሆናል፣ አንቺም አታዪውም።

ዝቅ ባለው ጫፍ በኩል ቦይ ይቆፈርና ባለ 110 ሚሊ ፒቪሲ ቱቦ ይግባ። ቱቦው ይበሳ፣ ቀዳዳው ወደ ታች ይሁን፣ ዙሪያውን 02 የሚባለው ወፈር ያለ ጠጠር ይሙላ፣ ሁሉም በጂኦቴክስታይል፣ ማለትም ውሃ በሚያሳልፍ ጨርቅ ይጠቅለል። የቱቦውን መነሻ ጫፍ ወደ ላይ አውጥተሽ ክዳን አድርጊለት። ደለል ሲይዘው በጎማ ውሃ ትገፊዋለሽ።

የቀረው ቀላል ነው። ዋልካው ላይ ጂኦቴክስታይል ይነጠፍ። ጨርቁ ውሃውን እያሳለፈ ጠጠሩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ይይዛል። ላዩ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ 02 ጠጠር፣ በሁለት ዙር በኮምፓክተር እየተጠቀጠቀ። ከዚያ ደቀቅ ያለው 01 ጠጠር፣ መጨረሻ ለማስተካከያ በጣም የደቀቀው 00 በስሱ። ይህ የመጨረሻው አይወፍር፣ ዱቄቱ ውሃ ይይዛል።

ብዙ ቤት የሚቸገረው መውጫው ላይ ነው። እኛ ሰፈር መንገዱ ሲሰራ ከፍ ይላል፣ ግቢው ዝቅ ብሎ ይቀራል። ቱቦሽ ከመንገዱ ቦይ በታች ከሆነ ውሃው ወደ አንቺ ይመለሳል። "ጉድጓድ ቆፍረን ድንጋይ እንሞላለን፣ እዚያ ይሰርጋል" ይሉሻል። ቀይ አፈር ላይ ሊያስኬድ ይችላል፣ ዋልካ ላይ ግን ጉድጓዱ እንደ ሳፋ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። ካላመንሽ ግማሽ ሜትር ቆፍረሽ ውሃ ሙዪ፣ ሲጎድል ድገሚውና አሳድሪው። ጠዋት ውሃው እዚያው ካለ ሀሳቡን ተይው። ሌላው አማራጭ ውሃውን አጠራቅሞ በፓምፕ መግፋት ነው። እኔ ግን አልወደውም፣ ዝናቡ ሲጠና መብራት ይሄዳላ። ግቢውን ገረጋንቲ በሚባለው የሙሌት አፈር ከፍ ማድረግ ወጪው ቢከብድም ይሻላል። ብቻ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ዝቅ ብሎ ይቅር፣ ወደ ጎረቤት አጥርም አይዘንብል።

የጣራውን ውሃ አትርሺ። 100 ካሬ ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሲዘንብ 3,000 ሊትር በአሸንዳ ይወርዳል። ይህ ሳሩ ላይ መፍሰስ የለበትም። ባልተበሳ ቱቦ ለብቻው ይውጣ፣ ወይም ሮቶ ውስጥ ይጠራቀም። ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ግን በጭራሽ አይግባ።

ጊዜው ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ቢሆን ጥሩ ነው። ጭቃው ጠፈፍ ብሏል፣ አፈሩ ግን ገና አልተሰነጠቀም። የካቲት ላይ ደርቆ የተሰነጠቀ ዋልካ ላይ ብትሰሪ ክረምት ሲያብጥ ከስር ይገፋሻል።

ሳሩን በተመለከተ ለልጆች መጫወቻ ከ30 እስከ 35 ሚሊ በቂ ነው። ጥቅሎቹ ፀጉራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ። ሰፈርሽ አቧራ ስላለው ግንቦት ላይ ጠርገሽ እጠቢው፣ አለበለዚያ አቧራው በዝናብ ጭቃ ሆኖ የጀርባውን ቀዳዳ ይደፍናል። ዛፍ ካለሽ ዙሪያውን ክፍት ተዪለት።

ከሁሉ በላይ ግን ጠጠሩ ተጠቅጥቆ እንዳለቀ ሰራተኞቹ ሳይሄዱ አንድ በርሜል ውሃ ግድግዳው ጥግ አስደፊ፣ አንቺ ቱቦው አፍ ላይ ቁሚ። ጠጠሩ ራሱ ጥቂት ስለሚጠጣ ከዘገየ ሌላ በርሜል ድገሚ። ውሃው በቱቦው እስኪወጣ ድረስ የሳሩን ቀሪ ክፍያ አትክፈዪ።