ሲልፍራ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ነው የምኖረው። ታንዛኒያ ለሥራ ሄጄ ዛንዚባር ላይ የአየር ሲሊንደር አዝሎ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ተምሬያለሁ፤ 12 ጊዜ ወርጃለሁ። አሁን ኖርዌይ ያለው ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር አይስላንድ ውስጥ ሲልፍራ በሚባል ውሃ የሞላው የመሬት ስንጥቅ ሊጠልቅ ነውና «ነይ» ብሎኛል። እኔ ግን ዝናብ ሲጥል እንኳ ጋቢ የምደርብ ሰው ነኝ። እርስዎ ወርደውበታል ሲሉ ሰምቼ ነው፤ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሂጂ እህቴ። ግን አስቀድመሽ የድራይሱት ሥልጠና ውሰጂ። የሲልፍራ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ስለሆነ የሚለበሰው ድራይሱት፣ ማለትም ውሃ ጨርሶ የማያስገባ ልብስ ነው። ውስጡ ያለው አየር ወደ ላይ ስትወጪ እየሰፋ ሽቅብ ሊያስፈነጥርሽ ይችላልና አየሩን ከልብሱ የምታስወጪበትን ማስተንፈሻ መልመድ አለብሽ። በድራይሱት መጥለቅሽን የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለሽ በሲሊንደር አያስወርዱሽም።

እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፤ ዋና የለመድኩት ጊቤ ወንዝ ነው። ሲልፍራ የወረድነው ስድስት ሆነን ነበር። ስለብስ የሹራቤ እጅጌ ጫፍ፣ አንዲት ክር ብቻ፣ ከእጅ አንጓዬ ላስቲክ ሥር ገብታ ኖሯል። በእሷ በኩል ውሃው እንደ መርፌ እየወጋኝ እስከ ክርኔ ደረሰ። ሰዎቹን ላለማስቸገር ብዬ ዝም አልኩ። ጣቶቼ ደንዝዘው ማስተንፈሻውን መጫን ሲያቅተኝ ነው ለመሪያችን ያሳየሁት። ያን ዝምታ ዛሬም እቆጨዋለሁ። ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት ላስቲኩ ቆዳሽ ላይ ማረፉን ዙሪያውን በጣትሽ ዳስሺ። ውስጥ ከበረደሽ ደግሞ ወንድምሽን አትፈሪ፤ አውራ ጣትሽን ወደ ላይ አሳዪ። ውሃ ውስጥ «ጥሩ ነው» ሳይሆን «እንውጣ» ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ማንም ጠላቂ ምክንያት ሳይጠየቅ ሊያሳየው ይችላል።

ሌላው ጥራቱ ነው። ውሃው ከላንግዮኩል ግግር በረዶ ቀልጦ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሲጣራ ቆይቶ የሚመጣ ነው፤ ከ100 ሜትር በላይ ያሳያል። ቦታው የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ የመሬት ቅርፊቶች የሚለያዩበት ስንጥቅ ነው፤ የእኛ አፋር እየተሰነጠቀ ያለው ዓይነት። ሰማያዊውን ስታዪ መተንፈስ እስክትረሺ ትደነቂያለሽ፤ አትርሺ፣ ትንፋሽሽን አትያዢ። ታች ያለው ድንጋይ እጅሽን ብትዘረጊ የምትነኪው ይመስላል፤ እውነቱን የሚነግርሽ የጥልቀት መለኪያሽ ነው። ከ18 ሜትር በታች መውረድ አይፈቀድም።

ለመመለሻ ቀንሽ ተጠንቀቂ። ከጠለቅሽ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላሽ አውሮፕላን አትሳፈሪ። ደምሽ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ግፊት ሲቀንስ አረፋ ይሠራል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስታርፊም ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። እኔ ሙሉ አንድ ቀን ጠብቄያለሁ።

ስንወጣ የሰጡን ትኩስ ቸኮላታ ነበር። አንቺ ቡናሽን ቆልተሽ አስፈጭተሽ፣ ፔርሙስም ጨምረሽ ከዚሁ ይዘሽ ሂጂ።