ለሳቫና አርጃኖ ቤት ሲሠሩ ከአፈሩ ይጀምሩ

ጠያቂያችን ገና ትንሽ ለሆነው የሳቫና አርጃኗቸው (ትልቅ የአፍሪካ እንሽላሊት ነው) ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ ክፍል ውስጥ የኮምፔንሳቶ ቤት ሊሠሩ አስበዋል። ርዝመቱ 1.8 ሜትር፣ ክዳኑ የሽቦ ወንፊት ነው፤ «ይበቃዋል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። አይበቃውም። እኔን ግን ከርዝመቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ፎቁ ነው።

ይህ እንስሳ ቆፋሪ ነው። በዱር ሳለ ከሐሩርና ከድርቀት የሚያመልጠው ጉድጓድ ገብቶ ነው። ስለዚህ ቤቱ ማለት አፈሩ ነው፤ ሣጥኑ አፈሩንና ሙቀቱን ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም። ያደገ የሳቫና አርጃኖ አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አርቢዎች በዝቅተኛ መጠንነት የሚመክሩት 2.4 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ወርድና 1.2 ሜትር ቁመት ሲሆን፣ ከቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትሩን አፈር ይወስደዋል። ሲባዛ 1.7 ሜትር ኩብ ያህል አፈር ይሆናል። እርጥብ አፈር በሜትር ኩብ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ስለሚመዝን፣ አፈሩ ብቻውን 2.5 ቶን ያህል ነው ማለት ነው። ይህ በየካሬ ሜትሩ 900 ኪሎ ግራም ገደማ ያሳርፋል፤ የመኖሪያ ቤት ፎቅ ደግሞ በተለምዶ የሚሰላው 200 ኪሎ ግራም አካባቢ እንዲሸከም ነው። ቦታው መሬት ላይ ያረፈ የኮንክሪት ወለል እንጂ ፎቅ አይደለም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

የእኔን የሠራሁት በ1.5 ሜትር ቁመት ነው። በ1.2 ሜትሩ ከአፈሩ በላይ የሚቀረው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ አምፖሉ ጀርባው ላይ ይደርስበታል።

አፈሩ ማዳበሪያም ሆነ ፀረ ተባይ ያልነካው፣ አሸዋ የተቀላቀለበት ይሁን። በእጅዎ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ከያዘና ውኃ ካላንጠባጠበ ልክ ነው። ደረቅ ከሆነ ጉድጓዱ እንስሳው ላይ ይደረመሳል። ላዩን በደረቅ ቅጠል መሸፈን እርጥበቱን ያቆያል።

እርጥብ አፈር ወደ ጎን እንደሚገፋ ብዙ ሰው ይዘነጋል። የፊት ለፊቱን ግድግዳ በሞራሌ ጥቅጥቅ አድርገው ካላጠናከሩት ወደ ውጭ ያብጣል። ውስጡን በኢፖክሲ (ሲደርቅ ውኃ በማያሳልፍ ቀለም) ደጋግመው ይቀቡ ወይም ለኩሬ በሚነጠፍ ወፍራም ጎማ ይሸፍኑት፤ መጋጠሚያዎቹን በሲልከን ይድፈኑ። ኢፖክሲውና ሲልከኑ ሙሉ በሙሉ ደርቀው ሽታቸው እስኪጠፋ እንስሳውን አያስገቡ። ኮምፔንሳቶ የሚበሰብሰው ከጠርዙ ስለሆነ፣ ለቆረጡት ጠርዝ ቀለም አይሰስቱ።

የወንፊቱን ክዳን ይተዉት። ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በወንፊት ሥር የሚኖር አርጃኖ ቀን ከሌሊት እየደረቀ ነው፤ ቆዳው በደንብ አይገፈፍም፣ የውኃ እጥረቱም ውሎ አድሮ ኩላሊቱን ይጎዳል። ድፍን ጣሪያ አድርገው ትንሽ የአየር ቀዳዳ ይተዉ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አየሩ ይለወጣል።

ለሙቀት፣ ብርሃናቸው ሰፋ ብሎ የሚያርፍ ሃሎጅን አምፖሎችን ጎን ለጎን ይስቀሉ። አንድ ኃይለኛ አምፖል የጀርባውን መካከል እያቃጠለ ጭራውንና ጭንቅላቱን በብርድ ይተዋል። የሚሞቅበት ድንጋይ ገጽ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢደርስ አይደንግጡ፤ የሚያስፈልገው ያ ነው፣ ሲበቃው ራሱ ይነሣል። ነገር ግን ወዲያኛው ጫፍ 25 ዲግሪ አካባቢ ካልሆነ መሸሻ የለውም። ይህን የሚለኩት ከርቀት በሚያነብ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የአየሩን እንጂ የድንጋዩን ሙቀት አይነግርዎትም። በኤሌክትሪክ ከውስጥ የሚግል ሰው ሠራሽ ድንጋይ ግን ሆዱን ያቃጥለዋልና አይግዙ። የዩቪቢ መብራቱን (እንደ ፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጠውን) ከመስታወት ጀርባ አያድርጉት፣ መስታወት ጨረሩን ያስቀረዋል። ብርሃኑ እየታየም ጨረሩ ስለሚደክም አምራቹ በወሰነው ጊዜ ይለውጡት።

የአምፖል መያዣዎቹ ሴራሚክ ይሁኑ፣ ከእንጨቱም ይራቁ። እርጥበትና ኤሌክትሪክ አንድ ቤት ውስጥ ስለሆኑ መስመሩ የፍሳሽ ኤሌክትሪክ ሲኖር ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከር ያስፈልገዋል፤ ይህን ለባለሙያ ይተዉት። ተንሸራታቹን የመስታወት በር በቁልፍ ይዝጉ፤ አርጃኖ በአፍንጫውና በጥፍሩ ገፍቶ መክፈት ይችልበታል።

ኮምፔንሳቶውን ከመግዛትዎ በፊት መሬት ላይ ያለውን ክፍል ይምረጡና የበሩን ስፋት ይለኩ። ይህን የሚያህል ሣጥን ውጭ ተገጣጥሞ በተራ በር አይገባም፤ ሰሌዳዎቹን ቆርጠውና ቀብተው፣ የሚገጣጥሙት እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው።