የጁፒተርን ጨረቃዎች ማስላት እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የግዙፍ ፕላኔቶችን ጨረቃዎች ምህዋር ማስላት በጣም እወዳለሁ። አባቴ ግን «ይሄ እንጀራ አይሆንሽም፣ አካውንቲንግ ግቢ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የአባትሽ ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም። የጨረቃ ምህዋር ለማስላት ብቻ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት የትም አገር ጥቂት ነው። ስሌቱን የሚችል ሰው ግን ብዙ ቦታ ይፈለጋል። ጁፒተር በ10 ሰዓት ገደማ በራሱ ላይ ስለሚሽከረከር ወገቡ ሰፍቷል። የዚህ ስፋት ስበት የጨረቃዎቹን ምህዋር፣ ማለትም የሚዞሩበትን መንገድ ራሱን፣ ቀስ በቀስ ያዞረዋል። የምድርም ወገብ እንዲሁ ሰፋ ያለ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ምህዋሯ በቀን 1 ዲግሪ ገደማ እንዲዞር የተደረገው በዚሁ የወገብ ስፋት ስበት ነው። ቀመሩ ያው ነው፤ የሚቀየረው የሚገባበት ቁጥር ነው።

ስለዚህ ትምህርትሽን አትቀይሪ። ግን «እወዳለሁ» ብቻውን አያስቀጥርም፤ የሚታይ ሥራ ይኑርሽ።

ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷን፣ አዮን ያዢ። ከጁፒተር 422,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በ42 ሰዓት ተኩል አንዴ ትዞራለች። ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) ክፈቺና በኦይለር ዘዴ፣ ማለትም ቀጣዩን ቦታና ፍጥነት ከአሁኑ ብቻ በሚያሰላው ቀላል ዘዴ፣ በ1 ሰዓት እርምጃ አስኪጃት። ምህዋሩ አይገጥምልሽም። አዮ በየዙሩ እየራቀች ትሄዳለች። ኮዱን ደጋግመሽ ብታዪው ስህተት የለውም፤ በየእርምጃው ጉልበት የሚጨምረው ዘዴው ራሱ ነው። አሁን ቦታንና ፍጥነትን እያፈራረቀ በሚያሰላው በሊፕፍሮግ ዘዴ ድገሚው። የሚቀየረው ጥቂት መስመር ነው፣ አዮ ግን ቦታዋን ይዛ ትዞራለች። ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ምክንያቱን በቃልሽ ካስረዳሽኝ፣ እኔ ቀጣሪ ብሆን ከጂፒኤሽ በፊት የማየው እሱን ነው።

ቀጥለሽ ሌሎቹን የጁፒተር ጨረቃዎች ዩሮፓንና ጋኒሜድን ጨምሪ። ጋኒሜድ 1 ጊዜ ስትዞር ዩሮፓ 2፣ አዮ 4 ጊዜ ገደማ ይዞራሉ። እርስ በርስ ስለሚሳሳቡም፣ የፕላኔቷን ስበት ብቻ የሚያስበው የኬፕለር ቀመር ብቻውን አይበቃሽም። ውጤትሽን የናሳው ቤተ ሙከራ ጄፒኤል በነፃ ከሚሰጠው፣ የፕላኔቶችንና የጨረቃዎችን ቦታ ከሚያሳየው ከሆራይዘንስ ጋር አስተያዪ። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሳትሽ ሳትደብቂ ጻፊ።

ሥራውም አላለቀም። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ብቻ 128 አዳዲስ የሳተርን ጨረቃዎች እውቅና አግኝተው ቁጥራቸው 274 ደርሷል። የእያንዳንዳቸውን ምህዋር ማስላት ግድ ነው።

ግራፉ ሲያልቅ ለመምህርሽ አሳዪና የመመረቂያ ጽሑፍሽ እንዲሆን ጠይቂ። አዲስ አበባ ያለው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ስታመለክቺም አያይዢው። ለአባትሽም አንድ ምሽት ላፕቶፑን ከፍተሽ አዮ ስትዞር አሳዪያቸው።