አሪማ ወይስ ኤልኤስቲኤም ላልከው፦ ስለ ቤት መብራት ፍላጎት ትንበያ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ የ5 ዓመት ወርሃዊ የቢል ድምር አለኝ፣ የቤት ደንበኞችን የቀጣይ 10 ዓመት የመብራት ፍላጎት መተንበይ እፈልጋለሁ፣ መጠይቅም እበትናለሁ፣ አሪማ ይሻላል ወይስ ኤልኤስቲኤም ነው ያልከው። (ለማያውቀው፣ አሪማ ካለፉት ቁጥሮች ቀጣዩን የሚተነብይ የስታቲስቲክስ ዘዴ ነው፣ ኤልኤስቲኤም ደሞ ከተከታታይ ዳታ የሚማር የኒውራል ኔትወርክ ሞዴል።) ከላይ በኮመንት ኤልኤስቲኤም ተጠቀም ያሉህ አይቀየሙኝና 5 ዓመት ማለት 60 ወር፣ 60 የዳታ ነጥብ ብቻ ነው፣ በ60 ነጥብ ምን ይማራል? ይሸመድደዋል እንጂ። አሪማም ቢሆን ለቀጣዩ ዓመት ይሆንህ ይሆናል፣ 10 ዓመት ግን በጭራሽ።

እኔ ራሴ አንድ መብራት አከፋፋይ ጋ እቅድ ክፍል ስሰራ ሞዴል ሳማርጥ ነው የከረምኩት። በመጨረሻ ያመጣሁት ግራፍ የተሰፋለት ልብስ ይመስል ከዳታው ጋር ልክክ ብሏል፣ ደስ ብሎኝ ሪፖርት አድርጌ አስገባሁ። ከዛ በፈረቃ መብራት ሲያገኝ ለነበረው አካባቢ አዲስ ትራንስፎርመር ገባና ፈረቃው ቀረ፣ ብዙም ሳይቆይ ፍጆታው ከትንበያዬ በላይ ጥሎኝ ሄደ። አለቃዬ "ሰዉ ምን አዲስ ነገር ገዛ?" አለኝ። ሰዉ ምንም አልገዛም እኮ፣ ምድጃውም ፍሪጁም ድሮም ቤቱ ነበሩ፣ መብራቱ ነው ያልነበረው።

ቢል የሚነግርህ ሰው የፈለገውን ሳይሆን የደረሰውን ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይሄ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የፊደሮቹን (ከማከፋፈያ ጣቢያ ወደ ሰፈር የሚወጡትን መስመሮች) የመቋረጥ መዝገብ ፈልግ፣ ስንት ሰዓት ጠፋ ብቻ ሳይሆን መቼ ጠፋ የሚለውን። ማታ 2 ሰዓት የጠፋ አንድ ሰዓትና ሌሊት 9 ሰዓት የጠፋ አንድ ሰዓት እኩል አይደሉም። ደሞ የጠፋውን ሰዓት በሙሉ በአማካይ ጭነት አባዝተህ አትደምር፣ እኔ ተሳስቼበታለሁ፣ ምክንያቱም ልብስ መተኮስና ውሃ መግፋት መብራት ሲመጣ ይካሳል፣ ያመለጠ የማታ አምፖልና ቲቪ ግን አይመለስም።

የቢል ዳታው ራሱም ብዙ ጉድ አለበት። ቆጣሪ አንባቢው ሁለት ወር ሳይሄድ ይቀርና በግምት ይሞላል ወይ ዜሮ ይገባል፣ በሦስተኛው ወር የሦስቱም ተደምሮ ይመጣል፣ አንተ ያንን እንደ ወቅታዊ ለውጥ ታየዋለህ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ የምታየው ካርድ የተሞላበትን ቀን እንጂ የተጠቀሙበትን አይደለም፣ ታሪፍ ሊጨምር ነው ከተባለ ደሞ ሰው ቀድሞ ስለሚሞላ ያ ወር ይቆለላል የሚቀጥለው ይወድቃል። በአንድ ቆጣሪ ሦስት አራት ቤተሰብ የሚጠቀምበትም አለ፣ እና ለየራሳቸው ቆጣሪ ሲያስገቡ ደንበኛ ጨመረ ፍጆታ ግን ያን ያህል አልጨመረም።

አንድ ብዙ ሰው የሚሸወድበትን ልንገርህ። 1000 ነባር ደንበኞች እያንዳንዳቸው በወር 120 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማሉ እንበል፣ 1000 አዲስ ሰዎች ገቡና እነሱ እያንዳንዳቸው 30 ይጠቀማሉ። አማካዩ 75 ሆነ። አማካዩን ብቻ ካየህ ፍጆታ ወረደ ትላለህ፣ ማንም ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ደንበኞችን በገቡበት ዓመት ከፋፍልና እያንዳንዱ ቡድን ከገባ በኋላ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛው ዓመት እንዴት እንደሚያድግ እይ፣ ከዛ የደንበኛ ቁጥሩን ለብቻ የአንድ ደንበኛ ፍጆታውን ለብቻ ተንብየህ አባዛቸው። ለ10 ዓመት የሚያዋጣህ ይሄ ነው፣ በላዩ ላይ የዕቃ ቆጠራ ትጨምርበታለህ፣ ስንት ቤት ፍሪጅ አለው፣ ስንቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለው እያልክ። ሊፕ (LEAP) እና የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ ማኤድ (MAED) የሚባሉት የኢነርጂ እቅድ ሶፍትዌሮች የሚሰሩት በዚሁ መንገድ ነው። ገና መብራት ያልገባበት መንደር ከሆነ የአንድን ቤት የመብራት አቅርቦት በደረጃ የሚለካውን የዓለም ባንክን ባለ 5 ደረጃ ማዕቀፍ እንደ መነሻ ያዘው፣ ደረጃ 2 በቀን ቢያንስ 200 ዋት ሰዓት ነው፣ ደረጃ 3 ደሞ 1 ኪሎዋት ሰዓት፣ ርቀቱን አየኸው?

መጠይቅ በትኜ ሰዉን እጠይቃለሁ ያልከውን ግን በጥንቃቄ። ሰው መብራት ሳይገባለት ምን ትጠቀማለህ ሲባል ምኞቱን ነው የሚነግርህ። በኬንያ ገጠር 8 ሚኒ ግሪዶች (ለአንድ አካባቢ ብቻ መብራት የሚሰጡ ትንንሽ መረቦች) ላይ ተሰርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት አለ፣ ትክክለኛው ፍጆታ በአማካይ በቀን ለአንድ ደንበኛ 113 ዋት ሰዓት ሆኖ ሳለ የመጠይቁ አማካይ ስህተት 426 ነበር። ስህተቱ ከፍጆታው ወደ አራት እጥፍ ማለት ነው! ያለህን ዕቃ ቆጥረህ አሳየኝ ብትለው ይሻላል፣ ከሁሉም የሚሻለው ቀደም ብሎ መብራት የገባለትን ተመሳሳይ መንደር ቆጣሪ ማየት ነው።

ሞዴልህን ስትፈትን ዳታውን ቀላቅለህ አትቁረጠው፣ የመጀመሪያውን 3 ዓመት አሰልጥነህ ቀሪውን 2 ተንብይና "አምና በዚሁ ወር የነበረው ይደገማል" ከሚለው ተራ ግምት ጋር አወዳድረው። ካልበለጠው ስሙ አሪማ ሆነ ምን ሆነ አይረባህም።

የሚያስፈልግህ የትራንስፎርመር ልክ ከሆነ ደሞ ጥያቄው የወር ኪሎዋት ሰዓት ሳይሆን የማታው ፒክ (ከፍተኛው ጭነት) ነው፣ 100 ቤት ባለ 2 ኪሎዋት ምድጃ ስላለው ፒኩ 200 ኪሎዋት አይሆንም፣ ሁሉም በአንዴ አይለኩሱም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ሁሉም በአንዴ ነው የሚለኩሱት፣ ያንን እንዳትረሳ።

ለመሆኑ ዳታህ በየቆጣሪው ነው ወይስ ድምሩ ብቻ ነው የተሰጠህ? በየቆጣሪው ማግኘት ከቻልክ ንገረኝ፣ ያኔ ኤልኤስቲኤሙንም ልንነጋገርበት እንችላለን።