ቶንሲል ከወጣ በኋላ ልጅ ሲደማ፦ ጥያቄና መልስ

በአንገት በላይ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ቶንሲል ስላስወጡ ልጆች የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ልጄ ቶንሲሉ ከወጣ 7ኛ ቀኑ ነው። አሁን ትንሽ ደም ተፍቶ ቆመለት። ልጠብቅ?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ አትጠብቂ። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ቁስሉ ላይ ያለው ቅርፊት ይላቀቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚደማውም ያኔ ነው። መቆሙ አያዘናጋሽ፤ በኃይል ሊመለስ ይችላል። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጠቅላላ ደሙ 1.2 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቀመጥ፣ ደሙን ይትፋው እንጂ አይዋጠው። ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብ አትስጪው።

ጥያቄ፦ እንቅልፍ ላይ እያለች ብትደማ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ፤ ብዙ ወላጅ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ልጆች ደሙን ይውጡታል። ተኝታ ቶሎ ቶሎ የምትውጥ ከሆነ ቀስቅሳትና በባትሪ አፏን እይ። የዋጠችው ደም ሲያስመልሳት የቡና አተላ ሊመስል ይችላል። ፊቷ ከገረጣ፣ ከተቁነጠነጠች ወይም ልቧ በፍጥነት ከመታ ለነገ አትበል።

ጥያቄ፦ ጉሮሮው ላይ ነጭ ነገር አለ፣ አፉም ይሸታል።

መልስ፦ ቅርፊቱ ነው። አትንኩት።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ምን ያደርጉለታል?

መልስ፦ በደም ሥር መስመር ይከፍቱለታል፣ የደም መጠኑንና የደም ዓይነቱን ይመረምራሉ፣ ፈሳሽ ይሰጡታል። ደም መርጋትን የሚያግዝ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒትም ሊሰጡት ይችላሉ። ካልቆመ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብተው የሚደማውን ሥር በሙቀት ይተኩሱታል ወይም ይቋጥሩታል። ደሙ ቢቆምም ለክትትል አስተኝተው ሊያቆዩት ይችላሉ፤ እባካችሁ “ድኗል” ብላችሁ ይዛችሁት አትውጡ።

ጥያቄ፦ ለሕመሙ ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ቤት አለ። ልስጠው?

መልስ፦ በፍጹም። ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይለወጣል። አንዳንድ ሰው ላይ ይህ ለውጥ ከልክ በላይ ይፈጥናል፤ ያኔ የልጅ ትንፋሽ ሊቆም ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቶንሲል ላስወጡ ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ በ2013 እ.ኤ.አ. ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እኛ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ አለብን፦ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገ ጥናት ይህን ለውጥ የሚያፋጥነው ዘረመል 29 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል። ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ ስጠው። አይቡፕሮፌን ከሆነ ኦፕራሲዮን ያደረገውን ሐኪም ጠይቅ። አስፕሪን ግን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ አጠገቡ አይድረስ።