በማቲስ ሚስት ፊት ላይ ያለው አረንጓዴ መስመር

የማቲስን ሚስት ሥዕል አይተህ «ኮስታራ ትመስላለች፤ ፊቷ ላይ አረንጓዴ ያለው ታማለች ወይስ ቀንታለች?» ላልከው፣ ሁለቱም አይደለም። መስመሩ ጥላ ነው።

በቀድሞው ልማድ ሠዓሊው ፊትን ብርሃን ያረፈበትና ጥላ ያጠላበት ብሎ ይከፍልና ጥላውን በቡናማ ወይም በግራጫ ያጠቁረዋል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሄንሪ ማቲስ ግን በ1905 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ሚስቱን አሜሊን ሲስል የሁለቱን ወሰን ከፀጉሯ ሥር ጀምሮ በአፍንጫዋ ላይ ቁልቁል በአረንጓዴ ሰመረው። አንዱ ጉንጭ ወደ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ሮዝ ያደላል። ብርሃንና ጥላ መሆን የነበረበት፣ ቀለም ከቀለም ሆነ።

ማረጋገጥ ከፈለግህ፦

1. መስመሩን በጣትህ ሸፍነው። ፊቷ ጠፍጣፋ ይሆንብሃል።
2. ቀጥሎ ከጀርባዋ ያለውን አረንጓዴ ሸፍነህ ሮዙን ጉንጭ እየው። ድምቀቱ ይቀንሳል፤ ቀይ ነክ ቀለም ከአረንጓዴ አጠገብ ሲሆን ነው የሚጎላው።

ኮስታራ መምሰሏን ግን ልክ ብለሃል። እኔ እንደሚመስለኝ ያ የሚመጣው ከወፍራሙ ጥቁር ቅንድብና ከተገጠመው ከንፈር ነው፤ አረንጓዴው ምንም አላጠፋም!

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ በስልክ ባየኸው ምስል ብቻ ስለ ቀለም አትጻፍ። እኔ አንዴ ስለ ሌላ የሴት ምስል «ሰማያዊው ሐዘኗ ነው» ብዬ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፤ ለካ ሰማያዊው የኅትመቱ ጉድለት ኖሯል። ይህኛው ሥዕል ያለው ኮፐንሃገን፣ በዴንማርክ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለሆነ የሙዚየሙን ፎቶ ፈልግ። መጠኑንም አትርሳ፤ 40.5 በ32.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በስክሪን ላይ ግድግዳ የሚያክል ይመስላል።